ኮምቦልቻ ላይ አልጌ የወረረው የባህር ውሃ አኳሪየም፦ ጥያቄውና የተከተሉት መልሶች

ጥያቄውን የለጠፈው የኮምቦልቻ ልጅ ነው። ጂዳ ሠርቶ ሲመለስ 300 ሊትር የሚይዝ አኳሪየም ከነመብራቱ፣ ከነፓምፑና ከነስኪመሩ (ቆሻሻን በአረፋ የሚያወጣው መሣሪያ) ይዞ መጥቷል። ለኮራል (አንድ ቦታ ተጣብቆ የሚኖር የባህር እንስሳ) ተብሎ የሚዘጋጀውን የባህር ጨውም በባልዲ በባልዲ አስጭኗል። አሁን ሁለት ክላውንፊሾችና ጥቂት ለስላሳ ኮራሎች አሉት። ችግሩ አልጌ ነው። መጀመሪያ አሸዋውና መስታወቱ ላይ ቡናማ ብናኝ መጣ። ቀጥሎ ድንጋዩ አረንጓዴ ፀጉር አበቀለ። አሁን ደግሞ አንዱን ጥግ ቀይ ዝልግልግ ነገር ሸፍኖታል። በጥርስ ብሩሽ ይፈገፍጋል፤ ሳምንት ሳይሞላው ይመለሳል። የሚተነውን ውሃ የሚተካው በቧንቧ ውሃ ነው። ዓሦቹን በቀን ሦስት ጊዜ ይመግባል። ምግቡ በብሌንደር የተፈጨ የሐይቅ ቆሮሶ (ቲላፒያ ዓሣ) ነው። መብራቱ በቀን 12 ሰዓት ይበራል። ድንጋዩ ዘመድ ከጅቡቲ ያመጣለት የደረቀ የኮራል ድንጋይ ነው። ጥያቄው አጭር ነው፦ የትኛው መድኃኒት ያጠፋዋል? አዲስ አበባ ሰው ልኮ ሊያስመጣ ተዘጋጅቷል።

ይህን ሁሉ ዝርዝር መጻፉ በጣም ደስ አሰኝቶኛል። ብዙ ሰው አንድ ፎቶ ለጥፎ ምን ላድርግ ይላል። ወሎ ውስጥ የባህር ውሃ አኳሪየም ያለው ሰው በጣት የሚቆጠር ነው፤ የአንዱ ልምድ ለሌላው ይጠቅማል። ክሩ፣ ማለትም ከጥያቄው ሥር የተከታተሉት መልሶች፣ ግን ረጅም ነው። ፍሬ ነገሩም እዚህም እዚያም ተበታትኗል። ስለዚህ በቅደም ተከተሉ ላወጋችሁ ነው።

1ኛው መልስ ከደሴ ነው። ጸሐፊዋ ሰላምታዋን አስቀድማ፣ ለአገሩ እንኳን አበቃህ ብላ፣ ሦስት ነገር ጠየቀችው፦ ናይትሬቱ ስንት ነው፣ ፎስፌቱ ስንት ነው (ሁለቱም አልጌን የሚቀልቡ ንጥረ ነገሮች ናቸው)፣ የቧንቧውን ውሃስ ለክቶ ያውቃል ወይ። ቁጥሩ ሳይታይ መድኃኒት መምከር የዕውር ድንብር እንደሚሆን አከለች። 2ኛው አንድ መስመር ብቻ ነው፤ ድንጋዩን አውጥቶ በረኪና ውስጥ መዘፍዘፍ ይበቃል የሚል። 3ኛው በቁጣ መጣ። ድንጋዩ ላይ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች የዓሣውን አሞኒያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎም ወደ ናይትሬት የሚቀይሩ ናቸው። በረኪና እነሱን ይፈጃል። አልጌው ይጠፋል፤ ዓሦቹ ደግሞ በአሞኒያ ተመርዘው ያልቃሉ። ሳያውቁ መምከር የሰው ንብረት ማጥፋት ነው ብሎ ዘጋው። አነጋገሩ ከረር ቢልም ትክክል ነው።

4ኛውን የጻፉት ወልድያ የሚኖሩ፣ ጡረታ የወጡ የባዮሎጂ መምህር ናቸው። ክሩ ላይ ሁሉም ጋሼ ይላቸዋል። እሳቸው ነገሩን ከሥሩ ጀመሩት። ልጁ አንድ ጠላት ያለው መስሎታል እንጂ ሦስት ናቸው አሉ። ቡናማው ብናኝ ዳያተም የሚባል ደቃቅ አልጌ ነው። ዳያተም ቅርፊቱን የሚሠራው ከሲሊካ፣ መስታወት ከሚሠራበት ነገር፣ ነው፤ ያለ ሲሊኬት (ውሃ ውስጥ የሟሟ ሲሊካ) አይራባም። የወሎ ደጋ መሬት ደግሞ ከጥንት የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተሠራ ነው። በዚያ ድንጋይ ውስጥ ተጣርቶ የሚወጣ ውሃ ሲሊካ ይዞ ይመጣል። ለሰው ጉዳት የለውም፤ ለዳያተም ግን ቀለብ ነው። አዲስ አኳሪየም ላይ ዳያተም መታየቱ የተለመደ ነው፤ ሲሊኬቱን ሲጨርስ በራሱ ይጠፋል። እዚህ ያልጠፋው በየቀኑ አዲስ ሲሊኬት ስለሚገባለት ነው።

ቀዩ ዝልግልግ ጭራሽ አልጌ አይደለም። ሳያኖባክቴሪያ ነው፤ በብርሃን ምግቡን የሚሠራ ባክቴሪያ። ውሃ በደንብ የማይንቀሳቀስበትና ቆሻሻ የሚጠራቀምበት ጥግ ይወዳል። አንዳንዱ ዓይነት ውሃ ውስጥ ከሟሟው የናይትሮጂን ጋዝ ራሱን ይመግባል። ስለዚህ ናይትሬት በመቀነስ ብቻ አይራብም። አረንጓዴው ፀጉር ግን እውነተኛ አልጌ ነው። ድንጋዩን ቆንጥጦ ይይዛል፤ ናይትሬትና ፎስፌት እስካገኘ ድረስም ያድጋል። ጋሼ የጨረሱት ሦስቱን በአንድ መድኃኒት ለመግደል ማሰብ ትርጉም እንደሌለው በመንገር ነው።

ይህ መልስ ለእኔ የክሩ ምሰሶ ነው። ከዚያ በኋላ የተጻፈው ጠቃሚ ነገር ሁሉ እሱ ላይ ቆሟል።

5ኛው መልስ የመጣው ኩታበር ከሚሠራ የግብርና ባለሙያ ነው። አኳሪየም አይቶ እንደማያውቅ ገለጸ፤ ጋሼ የጻፉትን ግን ወዲያው ተረድቶታል። ገበሬ ማሳው ላይ ዳፕና ዩሪያ ይጨምራል፤ ዳፕ ፎስፌት አለው፣ ዩሪያ ደግሞ ናይትሮጂን። ይህ ልጅ የዓሣ ጭማቂና የቧንቧ ውሃ እየጨመረ ማሳውን በየቀኑ ያዳብራል፤ አረሙን ደግሞ በየሳምንቱ ያርማል። ማዳበሪያው ሳይቆም አረሙ እንዴት ይቆማል? ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ክሩ ላይ አልታየም።

6 ላይ ጠያቂው ቁጥሮቹን ይዞ ተመለሰ። ናይትሬት 40 ሚሊግራም በሊትር፣ ፎስፌት ደግሞ 0.5። የደሴዋ ጸሐፊ በ7 መለሰችለት። ለእንዲህ ያለ አኳሪየም ናይትሬት ከ2 እስከ 10፣ ፎስፌት ደግሞ ከ0.03 እስከ 0.1 ቢሆን ደህና ነው። የእሱ ፎስፌት ብዙ እጥፍ በልጧል። ከየት እንደሚገባም አንድ በአንድ ዘረዘረች። የተፈጨው ቆሮሶ ጭማቂ በፎስፌት የተሞላ ነው፤ ዓሦቹ የሚበሉት ሥጋውን ነው፣ ጭማቂው ለአልጌው ይቀራል። ስለዚህ በወንፊት አድርጎ በንጹህ ውሃ አለቅልቆ መስጠት፤ ሦስት ጊዜውንም ወደ አንድ መቀነስ። ሁለተኛው ድንጋዩ ነው። የደረቀ የኮራል ድንጋይ ካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ ፎስፌት ይይዛል፣ ቀስ እያለም መልሶ ይለቃል። ውሃ ቀይሮ ቁጥሩ ሲወርድ ደስ የሚለው ሰው ከሦስት ቀን በኋላ መልሶ ሲወጣ የሚያየው ለዚህ ነው።

ሦስተኛው የቧንቧው ውሃ ነው፤ እሱ ላይ ብዙ ቆየች። ከአኳሪየም የሚተነው ንጹህ ውሃ ብቻ ነው። ጨው፣ ሲሊካ፣ ናይትሬት፣ ፎስፌት ሁሉ እዚያው ይቀራል። 300 ሊትር የሚይዝ አኳሪየም በቀን 3 ሊትር ገደማ ቢተን በዓመት ከ1,000 ሊትር በላይ የቧንቧ ውሃ ይገባበታል። የሚጠራቀመው ውሃው ሳይሆን ውሃው ተሸክሞት የመጣው ነው። ስኪመሩንም አልረሳችም። ስኪመር በደቃቅ አረፋ እየያዘ ቆሻሻውን ሳይበሰብስ የሚያወጣ መሣሪያ ነው፤ አንገቱ ላይ ስብ ከተጋገረበት ግን አረፋው አይወጣም። በየሁለት ሦስት ቀኑ ይጠረግ አለች።

እዚህ ድረስ ክሩ እንደ ጨዋ ቤት ነበር።

8ኛው የሹፌር ነው። ከኮምቦልቻ በባቲ፣ በሚሌ፣ በጋላፊ አድርጎ ጅቡቲ ይመላለሳል። የባህር ውሃ እዚያ ሞልቶ ፈሷል፣ ጨው በባልዲ መግዛት ለምን አስፈለገ ብሎ ጠየቀ። ባዶ ጀሪካን ከተሰጠው ሞልቶ እንደሚያመጣ፣ ገንዘብም እንደማይቀበል በወላሂ ማለ። እንዲህ ያለ ደግነት የወሎ ሰው መታወቂያ ነው፤ ከልብ ነው ያመሰገንኩት። 9ኛው ጸሐፊ ግን በትህትና ሦስት ነገር አሳሰበው። ወደብ አካባቢ የሚቀዳ ውሃ ዘይትና ነዳጅ አለበት፤ ከወደቡ ርቆ መቀዳት አለበት። የምግብ ዘይት የነበረበት ቢጫ ጀሪካን በሳሙና ቢታጠብም ሽታው አይለቅም። ውሃው በአፋር ሙቀት ታሽጎ ሲጓዝ ውስጡ ያሉት ደቃቅ ሕይወቶች ይሞታሉ፤ ሞተው ደግሞ ያው ናይትሬትና ፎስፌት ይሆናሉ። ድንጋይና ኮራል ከዚያ ማምጣትን በተመለከተም አጥብቆ አስጠነቀቀ። የድንጋይ ኮራሎች በሳይተስ፣ ለአደጋ በተጋለጡ የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ ላይ በተደረገው ዓለም አቀፍ ስምምነት፣ ውስጥ ያሉ ናቸው፤ ድንበር ለማሻገር ወረቀት ይጠይቃሉ።

10 ላይ አንዱ ከሁሉም አቋራጩ የአፋር ጨው ነው አለ፤ ባቲ ገበያ ሰኞ ሰኞ እንደ ልብ ይገኛል። 11ኛው በጣም ተሳለቀበት። ስድቡን ትቼ ቁም ነገሩን ልንገራችሁ። አንድ ኪሎ የባህር ውሃ ውስጥ 35 ግራም ገደማ ጨው አለ። አብዛኛው የምንበላው ዓይነት ሶዲየም ክሎራይድ ነው። ነገር ግን 1.3 ግራም ገደማ ማግኒዚየም፣ 0.4 ግራም ካልሲየም፣ 0.4 ግራም ፖታሲየምና ውሃው አሲድ እንዳይሆን የሚጠብቅ ካርቦኔትም አለበት። ኮራል አጽሙን የሚሠራው ከካልሲየሙና ከካርቦኔቱ ነው። የአፋር ጨው እነዚህን በባህሩ ልክ አልያዘም። 10ን የጻፈው ሰው ለማወቅ ነው የጠየቀው፤ መሰደብ አልነበረበትም። ጋሼም በአንድ መስመር ይህንኑ ተናገሩ፤ ተሳዳቢው ከዚያ በኋላ አልታየም።

12ኛው መልስ አር ኦ ማጣሪያ እንዲገዛ መከረ። ውሃውን በግፊት በስስ ሽፋን ውስጥ አሳልፎ የሟሟውን ነገር የሚያስቀር መሣሪያ ነው። ከኋላው ዲ አይ ሙጫ የሚባለው፣ ያመለጠውን የሟሟ ነገር የሚይዝ ማጣሪያ ሲጨመርለት ሲሊካውንም ይይዛል። ውሃ ውስጥ የሟሟውን ነገር የሚለካው የቲ ዲ ኤስ መለኪያ ዜሮ ማሳየት አለበት። የከተማው ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣና ግፊቱ ደካማ ስለሆነ ውሃውን ሮቶ ውስጥ አጠራቅሞ በትንሽ ፓምፕ መግፋት ያስፈልጋል።

13ኛው ክሩን አናጋው። ደሴ የምትኖር እናት ናት። በሰፈሯ ውሃ በፈረቃ እንደሚመጣ፣ ልጆቿ ጀሪካን ይዘው እንደሚሰለፉ ጻፈች። አር ኦ አንድ ሊትር ለማጣራት ሦስት ሊትር እንደሚደፋ አንብባለች። ሁለት ዓሣ ለማየት ውሃ መድፋት ግፍ ነው አለች። 14 እና 15 ተቆጡ፤ የሰው መዝናኛ ምን አገባሽ ዓይነት ነገር ተጻፈ። 16 በእሷ በኩል ቆሞ የባሰ ቃል ወረወረ። ጠያቂው ራሱ በ17 ባይመለስ ክሩ እዚያው ይበተን ነበር። እህቴ ብሎ ጀመረ። አልተከራከራትም። በቀን 3 ሊትር ቢያጣራ የሚወገደው 9 ሊትር ገደማ እንደሆነ አሰላ። የሚወገደው ውሃ ደግሞ ጨው የሌለው፣ የቧንቧ ውሃ ማዕድኑ ትንሽ የጨመረ ብቻ ነው። ልብስ ይታጠብበታል፣ መጸዳጃ ቤት ይደፋበታል፣ ለግቢ አትክልት ይሆናል። አንድ ሊትርም መሬት ላይ እንደማይፈስ ቃል ገባ። እሷም አመሰገነችው። የእሷ ጥያቄ የክሩ አካል መሆን ነበረበት ብዬ አምናለሁ። ውሃ በሚቸግርበት ከተማ ውሃ የሚፈልግ ነገር የያዘ ሰው መልስ ሊኖረው ይገባል።

18 ላይ ሌላ አማራጭ መጣ። ጋራዦች የሚሸጠው ለባትሪ የሚሆን የተነጠረ ውሃ ሲሊካ የለውም፤ ለጊዜው ያገለግላል። 19ኛው ግን አንድ ነገር አስታወሰ። ብዙ ሰው የባትሪ ውሃ ሲል አሲዱንም የተነጠረውንም ይጠራበታል። ሻጩ የሰጠው የትኛው እንደሆነ ሳያረጋግጥ አንድ ጠብታ እንዳይጨምር። 20ኛዋ ክረምት ላይ የዝናብ ውሃ ቢጠራቀምስ አለች። መልሱ በ21 መጣ። ዝናብ ራሱ ጥሩ ነው፤ ጣሪያው ነው ችግሩ። ቆርቆሮ በዚንክ የተለበጠ ነው፤ ዚንክ ደግሞ ቀንድ አውጣንና ኮራልን ይገድላል። ንጹህ ፕላስቲክ ዘርግቶ በቀጥታ ከሰማይ መቀበል ግን ይቻላል።

22ኛው መልስ ብዙዎች የጠበቁት ነበር። ፍሉኮናዞል የሚባለው የፈንገስ መድኃኒት አረንጓዴውን ፀጉር፣ ኤሪትሮማይሲን ደግሞ ቀዩን ያጠፋል፤ ሁለቱም ማንኛውም ፋርማሲ ውስጥ ይገኛሉ የሚል። ሁለቱም ሊሠሩ እንደሚችሉ አውቃለሁ። ፍሉኮናዞል በተለይ ብሪዮፕሲስ የሚባለውን ላባ መሳይ አልጌ እንደሚያጠፋ ብዙ አርቢዎች ይናገራሉ። 23 ላይ ግን ደሴ ያለች ፋርማሲስት ጠንከር ያለ ነገር ጻፈች። ኤሪትሮማይሲን የሰው መድኃኒት ነው። ያለ ማዘዣ ገዝቶ 300 ሊትር ውሃ ውስጥ በትኖ፣ ውሃውን ወደ ቦይ መድፋት፣ መድኃኒቱን የሚቋቋሙ ባክቴሪያዎችን ማራባት ነው። ነገ ልጅ ታሞ ሲመጣ መድኃኒቱ አልሠራም ስንል ጥፋቱ የማን ነው ብላ ጠየቀች። ከእሷ ጋር ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። ሞልቶ ከሚፈስ ፎስፌት ጋር የሚኖር አልጌ በመድኃኒት ቢሞት በወሩ ሌላው ይተካዋል። ለጥቂት ግትር ቦታ 24ኛው ጸሐፊ የተሻለ ነገር አለው። ድንጋዩን ከውሃ አውጥቶ 3 በመቶ ሃይድሮጂን ፐሮክሳይድ ፀጉሩ ላይ ብቻ ማንጠባጠብ፣ ጥቂት ደቂቃ መጠበቅ፣ በጨው ውሃ አለቅልቆ መመለስ።

25 ላይ አንድ ወጣት ከቦርከና ወንዝ ቀንድ አውጣ ለቅሞ ማስገባት ነጻ የአልጌ በላተኛ ይሆናል አለ። 26ን የጻፈው ከሚሴ ያለ የጤና ባለሙያ ነው፤ ድንጋጤው ከጽሑፉ ይታያል። የወንዝ ቀንድ አውጣ የባህር ጨው ውስጥ አይኖርም፤ ይሞታል፣ ይበሰብሳል፣ ፎስፌት ይሆናል። ዋናው ግን እሱ አይደለም። ቢልሃርዝያ የሚተላለፈው በእነዚህ ቀንድ አውጣዎች ነው። ጫማ አውልቆ ወንዝ ገብቶ እነሱን መልቀም በሽታውን በቆዳ መቀበል ነው። ማንም እንዳይሞክረው በአላህ ለመነ።

27ኛው መልስ ከርዕሱ ወጣ፤ ግን ወድጄዋለሁ። የሐይቅ ከተማ ልጅ ነው። አባቱ ሐይቁ ድሮ ጥርት ያለ እንደነበር ይነግሩታል፤ አሁን ብዙ ጊዜ አረንጓዴ ነው። ለምን እንደሆነ ጋሼን ጠየቀ። ጋሼ በ28 ሰፋ አድርገው መለሱለት። ሐይቁ ውስጥ ቲላፒያ የተጨመረው በ1970ዎቹ መጨረሻ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ከዚያ ወዲህ የውሃው ጥራት መቀነሱን ተመራማሪዎች ጽፈዋል። አልጌን የሚግጡት በዓይን የማይታዩ ደቃቅ እንስሳት ናቸው። እነሱን የሚበላ ሲመጣ አልጌው ጌታ ይሆናል። ከዚያ ወደ ባህር ወሰዱን። በ1983 ካሪቢያን ባህር ውስጥ ረጅም እሾህ ያለው ጥቁሩ የባህር ጃርት በበሽታ ማለቅ ጀመረ፤ በአንድ ዓመት ገደማ ከ90 በመቶ በላዩ ሞተ። ጃማይካ ላይ አልጌ በሊታ ዓሦችም ቀድሞ በዓሣ አጥማጆች ተመናምነው ነበር፤ ማዕበልም መትቶት ነበር። በ1970ዎቹ መጨረሻ ግማሽ ያህሉን የሸፈነው ኮራል በ1990ዎቹ መጀመሪያ ወደ 3 በመቶ ወረደ። ቦታውን የወሰደው አልጌ ነው። በ2023 ደግሞ ቀይ ባህር ሰሜን ጫፍ ላይ የባህር ጃርት በጅምላ አልቋል። የጋሼ ሐሳብ ግልጽ ነው፦ ምግቡን መቀነስ ግማሹ ነው፤ የሚግጠው ደግሞ ሌላው ግማሽ።

29 በእኔ የተጻፈ ነው። አንዳንዱ ወደ ዜሮ እናውርድ እያለ ስለነበር አንድ ነገር ማረም ፈለግሁ። ናይትሬትና ፎስፌት ዜሮ ሲሆኑ አረንጓዴው ይሞታል፤ ኮራሉም አብሮ ይራባል። ኮራል ሥጋው ውስጥ ዙዛንቴሌ የሚባሉ ደቃቅ አልጌዎችን ያኖራል፤ አብዛኛውን ቀለቡን የሚያገኘው ከእነሱ ነው፤ እነሱም ናይትሮጂንና ፎስፈረስ ይፈልጋሉ። ባዶ የቀረውን ቦታ ደግሞ ዳይኖፍላጀሌት ሊወርሰው ይችላል። አረፋ የቋጠረ ንፍጥ መሳይ ቡናማ ክር ነው። አንዳንዱ ዝርያ መርዝ ስላለው የበላው ቀንድ አውጣ ይሞታል። ከፀጉር አልጌ መቶ ጊዜ የከፋ ነው። ስለዚህ ቁጥሩ ቀስ ብሎ ይውረድ፤ ዜሮ ሳይደርስም ይቁም። መለኪያውን ማመን ላይም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ድንጋዩ በአልጌ ተሸፍኖ ፎስፌት ዜሮ ቢያሳይ ፎስፌት የለም ማለት አይደለም፤ አልጌው እየቀደመ እየበላው ነው።

30ኛው መልስ ለእኛ አገር ከሁሉም የበለጠ የሚሆነው ነው። ኮምቦልቻ የሚኖር የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጻፈው። የአልጌ ማጣሪያ ራሱ ሠርቷል። ሐሳቡ አዲስ አይደለም፤ ዋልተር ኤዲ የተባሉ የስሚዝሶኒያን (የአሜሪካ የሙዚየምና የምርምር ተቋም) ሳይንቲስት ያስፋፉት ነው። ሻካራ የተደረገ የፕላስቲክ መረብ በቧንቧ ላይ ይሰቀላል። ውሃ ከላይ ወደ ታች በስሱ ይፈስበታል። በሁለቱም በኩል ጠንካራ ኤል ኢ ዲ መብራት ይበራበታል። አልጌው ድንጋዩን ትቶ መረቡ ላይ ይበቅላል፤ ብርሃንም ፍሰትም እዚያ ይበልጣልና። በየሳምንቱ ወይም በየአሥር ቀኑ መረቡን አውጥቶ ግማሹን ይፍቃል። ከተፋቀው አልጌ ጋር ናይትሬቱና ፎስፌቱ ከቤት ይወጣል። አርቢዎች በልማድ በቀን ለሚሰጥ አንድ ኩብ የቀዘቀዘ ምግብ 75 ካሬ ሴንቲሜትር ገደማ መረብ ይመድባሉ። ከውጭ የሚመጣ ዕቃ የለበትም። መረቡ የግንባታ ዕቃ መደብር፣ መብራቱ ኤሌክትሪክ ቤት ይገኛል። የኩታበሩ ባለሙያ ወዲያው ተመልሶ የሚፋቀው ለማዳበሪያ ይሆን እንደሆነ ጠየቀ። ጨዉ በደንብ ከታጠበለት ብስባሽ ውስጥ መግባት እንደሚችል ተነገረው።

31 ስለ መብራት መጥፋት ነው፤ ሁሉም ሲያልፈው የነበረ ጉዳይ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። እዚያ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን ባህር ጠረፍ ላይ ከሚይዘው ሦስት አራተኛው ገደማ ነው። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ስለሆነች 80 በመቶ ገደማ ይሆናል። አልጌ ቀን ኦክስጅን ይሰጣል፤ ሌሊት ግን እንደ ዓሣው ይተነፍሳል። ፓምፕ በቆመበት ሌሊት ዓሦቹ ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን የሚከፍቱት ለዚህ ነው። ብዙ አልጌ በአንድ ጊዜ ከሞተ ደግሞ የሚያበሰብሱት ባክቴሪያዎች የቀረውን ኦክስጅን ይጨርሳሉ። ይህ ለመድኃኒቱ ክርክር ሌላ ትልቅ መልስ ነው። ጸሐፊው በባትሪ የሚሠራ ትንሽ አየር ፓምፕ ከሁሉም በፊት እንዲገዛ መከረ።

ከ32 እስከ 35 ስለ ሐይቅ ቆሮሶ ዋጋና አጠባበስ ነው። ሐይቅ ላይ በአዋዜ የተጠበሰ ዓሣ ያልበላ ሰው ወሎን አላየም የሚል ክርክር ሁሉ ተነሳ። አልፈዋለሁ።

36 ላይ ጠያቂው ተመለሰ። ያደረገውን ዘረዘረ። ምግቡን እያለቀለቀ በቀን አንድ ጊዜ ይሰጣል። መብራቱን ወደ 8 ሰዓት አወረደ። የቧንቧ ውሃ አቁሞ በአር ኦ ውሃ ይሞላል፤ በየሳምንቱም አምስተኛውን ይቀይራል። መረቡን ከኤሌክትሪክ ሠራተኛው ጋር ሆነው ሠሩት። ፀጉሩን ከውሃ ውስጥ ሳይሆን ድንጋዩን ባልዲ ውስጥ አውጥቶ ነቀለው፤ የተነቀለው ተመልሶ እንዳይበተን። ቡናማው ጠፍቷል። ፀጉሩ ሳስቷል፤ መረቡ ላይ ግን በደንብ በቅሏል። ናይትሬቱ 12፣ ፎስፌቱ 0.14 ደርሷል። ቀዩ አሁንም ጥጉን አልለቀቀም። እሱን የሚያሯሩጥ ዓሣ ማምጣትም አስቧል፤ ቀይ ባህር ውስጥ የሚገኘውን ወይን ጠጁን ታንግ።

1ኛውን መልስ የጻፈችው የደሴዋ ጸሐፊ በ37 ታንጉን ተቃወመች። ታንግ ቀኑን ሙሉ ረጅም መንገድ የሚዋኝ ዓሣ ነው፤ 300 ሊትር ይጠበዋል፣ ይታመማል። ቀይ ዝልግልግም አይበላም። በምትኩ በፈቃድ የሚመጡ ጥቂት ትሮከስ ቀንድ አውጣዎች ይሻላሉ፤ እነሱም ፀጉሩ አጭር ሲሆን ነው የሚግጡት፣ ረጅሙን አይነኩም። ለቀዩ ጋሼ በ38 ሁለት ነገር ነገሩት። በቀጭን ጎማ ከነአሸዋው ገጽ ስቦ ማውጣት፣ ከዚያ አንዱን ፓምፕ ወደዚያ ጥግ ማዞር። ካልበቃ አኳሪየሙን ለሦስት ቀን በጥቁር ጨርቅ መሸፈን፤ ኮራሎቹ ይችሉታል፣ ሳያኖው አይችለውም። አየር ፓምፑ ግን ሦስቱንም ቀን እንዳይቆም።